ከወለሉ በታች፦ የአሮጌ ቤት የፍሳሽ ቧንቧ ታሪክ

ብዙዎቹ አባሎቻችን በዋሽንግተንና በአጎራባቹ ሜሪላንድ የገዟቸው ቤቶች እኛ ከመወለዳችን በፊት የተሠሩ ናቸው። ስንገዛ ጣሪያውን እናያለን፣ ወጥ ቤቱን እናያለን፣ ቤዝመንቱ ለኪራይ ይሆን እንደሆነ እናሰላለን። ከቤቱ ወጥቶ በግቢው ሥር አልፎ መንገድ ላይ ካለው ዋና መስመር ጋር ስለሚገናኘው የፍሳሽ ቧንቧ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ዓመት ለአስቸኳይ ችግር ካስቀመጥነው ገንዘብ እርዳታ ከጠየቁ እኅቶቻችን መካከል በዚሁ ቧንቧ የተነሣ ቤዝመንታቸው የተበላሸባቸው ነበሩ። ስለዚህ ለዚህ እትም ስለ ቧንቧው ታሪክ ጽፈን እንድናቀርብ ተጠየቅን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ፍሳሽን የምናውቀው በሌላ መልኩ ነው። ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል፤ መኪናው ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ይሮጣሉ፣ ሂሳቡን ግቢው ያዋጣል። ደስ የሚል ነገር ባይሆንም የተደበቀ ነገር አልነበረም። እዚህ አገር ውሃ ለቀን እንረሳዋለን። የምናስታውሰው ተመልሶ የመጣ ቀን ነው።

የዋሽንግተን ዋና መስመሮች ታሪክ ዛሬ ከምናየው ከተማ ጋር የተያያዘ ነው። ከ1871 እስከ 1874 ድረስ የከተማውን የሕዝብ ሥራ በእጁ ያደረገው አሌክሳንደር ሼፐርድ የሚባል ሰው ነበር። መንገድ አስነጠፈ፣ ዛፍ አስተከለ፣ የፍሳሽ መስመር አስቀበረ፤ ከተማውንም ለዕዳ ዳርጎ ኮንግረሱ አስተዳደሩን እስከማፍረስ ደረሰ። ታይበር የሚባለው ጅረትና በመሀል ከተማ ያልፍ የነበረው ቦይ ቆሻሻ መጣያ ሆነው ስለነበር በዚያ ዘመን ከመሬት በታች እንዲገቡ ተደረገ። ዛሬ ኮንስቲትዩሽን ጎዳና ላይ የምንነዳው በአሮጌው ቦይ ላይ ነው። በ17ኛው መንገድ ጥግ ያለችው ትንሽ የድንጋይ ቤት የቦዩ ጠባቂ ቤት ነበረች።

በዚያ ዘመን የተሠራው መስመር የዝናቡን ውሃና የቤቱን ፍሳሽ በአንድ ቧንቧ የሚወስድ ነው። ከከተማው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ዛሬም በዚሁ ይጠቀማል። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ቧንቧው ይሞላል፤ የተረፈው ወይ ወደ ወንዝ ይፈሳል፣ ወይ ወደ ቤት ይመለሳል። በ2012 ሰመር ብሉሚንግዴልና ለድሮይት ፓርክ በሚባሉት ሰፈሮች፣ የእኛ ሰዎች ሱቅና ምግብ ቤት ከከፈቱበት ከ9ኛው መንገድ ብዙ በማይርቅ ቦታ፣ ቤዝመንቶች ደጋግመው በፍሳሽ ተጥለቀለቁ። ከተማው ከዚያ በኋላ ጥልቅ ዋሻዎችን አስቆፈረ። የቆፈሩት ግዙፍ ማሽኖች፣ በዋሻ ቆፋሪዎች ልማድ፣ አብዛኞቹ የሴት ስም ተሰጣቸው። በብሉሚንግዴል ሥር የሄደችው ሉሲ ትባላለች፤ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ የሴት ተማሪዎች ዲን በሆነችው በሉሲ ስሎ ስም ነው። በአናኮስቲያ ወንዝ በኩል የቆፈረችው ናኒ፣ በ1909 በዚሁ ከተማ ለጥቁር ሴቶች የሙያ ትምህርት ቤት በከፈተችው በናኒ ሄለን በሮውስ ስም ተሰየመች። የናኒ ዋሻ በ2018 ሥራ ጀመረ።

ሴቶች በዚህ ጉዳይ የገቡት ግን በማሽን ስም አይደለም። በ1885 ሃሪየት ፕለንኬት የምትባል አሜሪካዊት ስለ ቤት ንጽሕና መጽሐፍ አወጣች፤ ርእሱ ሲተረጎም «ሴቶች፣ ቧንቧ ሠራተኞችና ሐኪሞች» እንደማለት ነው። ክርክሯ አጭር ነበር፦ የቤት እመቤትና ቧንቧ ሠራተኛ ሥራቸውን በሚገባ ከሠሩ ሐኪም ሥራ ይቀንስበታል።  ሴቶች ቧንቧው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ይወቁ አለች። እኛ ይህን ስናነብ፣ ዛሬም ስንቶቻችን የቤታችን ቧንቧ በግቢው በየትኛው በኩል እንደሚወጣ እናውቃለን ብለን እርስ በርስ ተጠያየቅን።

ከሁሉም የያዘን ግን የቺካጎው ታሪክ ነው። በ1889 ጄን አዳምስና ጓደኛዋ ኤለን ስታር ስደተኞች በሚበዙበት ሰፈር ሃል ሃውስ የተባለውን የመረዳጃ ቤት ከፈቱ። አዳምስ ቆሻሻው አልነሣ ሲል በ1895 የሰፈሩ ቆሻሻ ተቆጣጣሪ ሆና ተሾመች፤ በማለዳ ተነሥታ ጋሪዎቹን ትከተል ነበር። በ1902 ታይፎይድ ገባ። ሃል ሃውስ ያለበት ቀበሌ የከተማውን ሕዝብ ሠላሳ ስድስተኛ እጅ ብቻ ቢይዝም፣ በበሽታው ከሞቱት አንድ ስድስተኛ ያህሉ የዚያ ቀበሌ ሰዎች ነበሩ። ሁለት የሃል ሃውስ ሴቶች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ የእያንዳንዱን ቤት ቧንቧ መዘገቡ። የትኛው ከዋናው መስመር ጋር ተገናኝቷል፣ የትኛው ተሰብሯል፣ የትኛው ጉድጓድ ብቻ ነው።

በምዝገባው መካከል አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አገኙ። የራሷ ቤት አላት፣ ንጹሕ ናት። ልጆቿን አስተምራ እስክትጨርስ ድረስ ቤቷን ሸጣ ከሰፈሩ መውጣት አልፈለገችም፤ ከጎረቤቶቿ ጋር ግን አትቀላቀልም፣ የሰፈር ጉዳይ ውስጥም አትገባም። ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ከኮሌጅ ለዕረፍት መጥተው ታመሙ፤ አንዷ ሞተች። አዳምስ ይህችን እናት ከብዙ ዓመት በኋላም አልረሳቻትም፣ በሕይወት ታሪኳ ጽፋታለች። እኛም ልንረሳት አልቻልንም፤ ቤት ገዝቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ልጅ ማስተማር ምን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ነን።

ከተሰበሰበው መዝገብ ተነሥታ ሐኪሟ አሊስ ሃሚልተን ምርመራ አደረገች። ከተከፈቱ መጸዳጃዎች ዝንቦች ሰብስባ መረመረች፤ በሽታውን ያመላለሱት ዝንቦች ናቸው የሚለው ግኝቷ ገነነ። ጉቦ ይበሉ የነበሩ የጤና ቢሮው ተቆጣጣሪዎችም ተጋለጡ፤ ከ24ቱ ሠራተኞች 11ዱ ከሥራ ተባረሩ። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን። ነገር ግን ሃሚልተን ራሷ በ1943 ባወጣችው የሕይወት ታሪኳ እውነተኛው ምክንያት ሌላ እንደነበር ጻፈች። በሰፈሩ የውሃ ማሰራጫ ጣቢያ ላይ አንድ ነገር ተሰብሮ ፍሳሽ ወደ መጠጥ ውሃው ገብቶ ነበር፤ ሰፈሩ ለሦስት ቀን ያን ውሃ ጠጣ፣ ባለሥልጣኖቹም ደበቁት። ዝንቦቹ ለሁሉም ሰው የሚታዩ ነበሩ። ቧንቧው አይታይም ነበር። ይህች ሴት በ1919 በሃርቫርድ የመጀመሪያዋ ሴት መምህር የሆነች ናት፤ ስሟን ያስጠራላትን ግኝት በራሷ እጅ ማረሟን እኛ ከግኝቱ የበለጠ እናከብረዋለን።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ከቤታችን በታች ያለው ቧንቧ ከምን እንደተሠራ የቤቱ ዕድሜ ብዙ ይናገራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ቤቶች ከግቢ እስከ መንገድ ብዙውን ጊዜ የሸክላ ቧንቧ አላቸው። ሸክላው ራሱ መቶ ዓመት ቢቀበር አይበሰብስም፤ እናቶቻችን ጋን ቀብረው ያውቁታል። ደካማው መጋጠሚያው ነው። ቧንቧው በአጫጭር ቁራጭ የተሠራ ስለሆነ በየጥቂት ጫማው መገጣጠሚያ አለው፤ የተሞላበት ሲሚንቶ ሲሰነጠቅ የዛፍ ሥር እርጥበቱን አሽትቶ ይገባል። ሼፐርድ መንገድ ዳር ዛፍ ካስተከለበት ዘመን ጀምሮ ጥላውን ለምደነዋል፣ ሥሩ ግን ከታች ሥራውን ይሠራል። በቤቱ ውስጥና ከወለሉ ሥር ያለው ደግሞ ካስት አይረን የሚባለው የብረት ቧንቧ ነው። እሱ ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱ ሻካራ ሆኖ ስብ ይይዛል፣ ታችኛው ግድግዳው እየሳሳ ይሄዳል።

ሦስተኛው ዓይነት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በኒው ዮርክ ግዛት ኦሬንጅበርግ በምትባል ከተማ የሚሠራ፣ ከእንጨት ጭረት ተሠርቶ በሬንጅ የተነከረ ቧንቧ ነበር፤ በከተማዋ ስም ይጠራል። መጀመሪያ ለኤሌክትሪክ ሽቦ ማስተላለፊያ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ብረት ሲወደድና ከጦርነቱ በኋላ ለተመላሽ ወታደሮች ቤት በጥድፊያ ሲሠራ ለፍሳሽም ተቀበረ፤ ርካሽና ቀላል ስለነበር። በግልጽ አማርኛ ለመናገር የተጠቀለለ ወረቀት ነው። የአፈር ክብደት ይጫነዋል፣ ክብነቱን አጥቶ እንደ እንቁላል ይጣመማል፣ ከውስጥ ይላጣል። ማምረቱ በ1970ዎቹ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ፕላስቲክ ተተካ። ቤታችሁ ከ1940ዎቹ አጋማሽ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ከሆነ ይህን ስም ለፕለምበሩ አንሡለት።

ቧንቧ ማጽዳት ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው በ1930ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ሥር የዘጋው ቧንቧ መድኃኒቱ ቁፋሮ ነበር። በአዮዋ ግዛት ሳሙኤል ብላንክ የሚባል ሰው በ1933 የልጁ ቤት ቧንቧ በዛፍ ሥር ቢዘጋ፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ሞተር፣ ከልጆች ጋሪ ጎማ አውጥቶ፣ በረጅም የብረት ገመድ ጫፍ ላይ ምላጭ አስሮ የሚሽከረከር ማሽን ሠራ። ሚስቱ ሌቲ ሮቶ ሩተር አለችው፤ ስሙም ስሟ ካወጣችለት ቀን ጀምሮ አልተለወጠም። በድህነቱ ዘመን ማሽኑን በ250 ዶላር እየሸጠ ሥራ ላጡ ሰዎች መተዳደሪያ አደረገላቸው። ቁፋሮ ከነበረበት አንጻር ትልቅ እፎይታ ነው።

ነገር ግን ማሽኑ ሥሩን ይቆርጣል እንጂ የገባበትን ስንጥቅ አይደፍንም። ሥሩ ከርሞ ይመለሳል። ኋላ የመጣው በኃይለኛ ውሃ ግፊት የሚያጥበው መሣሪያ ቅባትንና ዝገትን ጭምር ይጠርጋል፤ በሳሳ ብረትና በዚያ የወረቀት ቧንቧ ላይ ግን ሊቀድ ይችላል። በ1971 ለንደን ውስጥ ኤሪክ ዉድ የሚባል መሐንዲስ ሙጫ የተነከረ ጨርቅ እንደ ካልሲ በአሮጌው ቧንቧ ውስጥ አስገብቶ እንዲደርቅ በማድረግ ሳይቆፈር አዲስ ቧንቧ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ስለዚህ ዛሬ ምርጫው ብዙ ነው፣ ዋጋውም ከመቶዎች እስከ ብዙ ሺህ ዶላር ይለያያል። የትኛው እንደሚበጅ የሚታወቀው ውስጡ በካሜራ ሲታይ ብቻ ነው።

አንዲት እናታችን፣ ባለቤታቸው ያረፉ፣ ቤዝመንታቸውን አከራይተው የሚኖሩ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አንድ ድርጅት ጠርተው አስጠረጉ። ሦስቴም ከፈሉ። በአራተኛው ግቢው በሙሉ ካልተቆፈረ አይሆንም ተባሉ፤ የቀረበላቸው ሂሳብም የቤታቸውን የሁለት ዓመት ኪራይ የሚበላ ነበር። ከአራቱ ጊዜ አንዱንም ካሜራ ያስገባ የለም። ከኮሚቴው ሁለታችን ሄደን ሌላ ፕለምበር አስመጣን። ቧንቧው ተጠርጎ ሲታይ ሸክላ ነው፣ ደኅና ነው፤ ሥር የገባው በግቢው ወሰን አጠገብ ባሉ ሁለት መጋጠሚያዎች ብቻ ነበር። እሱ ብቻ ተሠራ። እማማ ቪዲዮውን በስልካቸው እያሳዩ «የአንጀቴን ፎቶ እዩልኝ» ይላሉ።

ልብ ልትሉት የሚገባ የሕግ ነገርም አለ። በዋሽንግተንም ሆነ በአጎራባቾቹ የሜሪላንድ ካውንቲዎች ከቤቱ እስከ ግቢው ወሰን ያለው ቧንቧ የባለቤቱ ነው፤ ከወሰኑ ወዲያ ያለው የውሃ መሥሪያ ቤቱ። ችግሩ ከወሰኑ ወዲያ ከሆነ ለቁፋሮ ከመክፈላችሁ በፊት ወደ መሥሪያ ቤቱ ደውሉ። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ተመልሶ የመጣን ፍሳሽ ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም፤ ለብቻው ተጨምሮ የሚገዛ ነው። የንጥር ቅቤና የዶሮ ወጥ ቅባት ቧንቧ ውስጥ ይረጋል፤ የቡና አተላም አብሮት ይጋገራል። በብረቱ ጓዳ የተቀመጠው የቧንቧ መክፈቻ አሲድ ደግሞ አሮጌ ቧንቧን የባሰ ይጎዳል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ሠራተኛም ያቃጥላል።

ኮሚቴው በደጋፊዎቻችን እርዳታ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ብቻቸውን ለሚኖሩና አቅም ለሌላቸው አባላት የካሜራ ምርመራውን ወጪ ከአስቸኳይ ገንዘቡ እንዲከፈል ወስኗል። የምትጠይቁ የቤቱን የተሠራበት ዓመት፣ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደተጠረገና በግቢው ወይም በመንገዱ ዳር ያለውን ትልቅ ዛፍ ጽፋችሁ ለጸሐፊዋ ስጡ። ቪዲዮው ሲነሣ ኮፒውን ሳትቀበሉ ፕለምበሩን አታሰናብቱ፤ ሌላ ሰው ዋጋ እንዲሰጣችሁ ስትጠሩ የምታሳዩት እሱን ነው።