ማን 9000

ለንደን ውስጥ ቤት ሲቃጠል ወይም ሌባ ሲገባ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 999 ይደወል ነበር። መኖር ያስጠላው ሰውስ የት ይደውል?

ይህን የጠየቀው ቻድ ቫራ የሚባል የአንግሊካን ቄስ ነው። ጥያቄው እንዲሁ የመጣለት አይደለም። በ1935 ገና ጀማሪ አገልጋይ ሳለ የአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ቀብር አስፈጽሟል። ልጅቷ የወር አበባዋ ሲመጣ በሽታ የያዛት መስሏት ነበር፤ የምትጠይቀው ሰው አጥታ ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች።

በ1953 ቫራ ለንደን መሃል ወዳለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ዎልብሩክ ቤተ ክርስቲያን ተዛወረና ስልኩን ለዚሁ ጉዳይ አዋለው። የመጀመሪያው ጥሪ ኖቬምበር 2 ቀን ገባ። ቁጥሩ ማን 9000 ነበር። ያኔ የለንደን ቁጥሮች በሦስት ፊደል ይጀምሩ ነበር፤ «ማን» ማንሽን ሃውስ የሚባለው የስልክ ጣቢያ ምህጻር ነው። በጣት በሚዞረው ስልክ ላይ 6፣ 2፣ 6 ማለት ነው። (በአማርኛ ካነበብነው ጥያቄ ይመስላል። ደዋዩ ግን ማንነቱን የመናገር ግዴታ አልነበረበትም!) ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ በእንግሊዝ ሕግ ራስን ለማጥፋት መሞከር እስከ 1961 ድረስ ወንጀል ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰው በስልክም በአካልም በዛበት። እሱ አንዱን ሲያነጋግር ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ፤ በጎ ፈቃደኞች ሻይ እያቀረቡ አብረዋቸው ይቀመጣሉ፣ ያዳምጧቸዋል። ብዙዎቹ ቄሱን ሳያገኙ ቀሏቸው ይሄዱ ጀመር። እኛ መሐንዲሶች ወረፋ ስናይ እንዴት እናሳጥረው ነው የምንለው። እዚህ ግን ዋናው ሥራ የሚሠራው ወረፋው ውስጥ ነበር። ቫራ ይህን አይቶ በፌብሩዋሪ 1954 ስልኩን ለነዚያ ሻይ አቅራቢዎች አስረከበ። ድርጅቱ ሳማሪታንስ ተባለ።

ዛሬም ስልኩን የሚያነሱት የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አይፈርዱም፣ እንዲህ አድርግ እንዲህ አታድርግ አይሉም። አንዳንዴ ግን «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብለው በቀጥታ ይጠይቃሉ። መጠየቁ ሐሳቡን ያመጣበታል ብለን ብዙዎቻችን እንፈራለን፤ ጥናቶች ግን ይህን ፍርሃት አይደግፉትም። እንዲያውም ማንም ያልጠየቀውን ሰው ጥያቄው ሊያሳርፈው ይችላል።

አሜሪካም ከጁላይ 2022 ጀምሮ 988 የሚባል አጭር ቁጥር አላት። የብሪታንያው ደግሞ አሁን 116 123 ነው፤ ከ2015 ጀምሮ ነጻ ሆኗል፣ ጥሪውም በወላጆች የስልክ ሒሳብ ላይ አይወጣም።