የወረቀቷ ሮኬትና የሠሪዎቿ ናፍቆት

ናፍቆት ከዕቃ ዋጋ ጋር አይመጣጠንም። በውድ ገንዘብ የተገዛው ተረስቶ በገዛ እጅ የተሠራው ርካሽ ነገር ዕድሜ ልክ የሚታወስበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዚህም የአሜሪካ ወጣቶች ራሳቸው ይገጣጥሟት የነበረችውና በኋላ ከገበያ የወጣችው «አስትሮን ስካውት» የተባለች ትንሽ ሞዴል ሮኬት ጥሩ ምስክር ናት።

የታሪኩ መነሻ 1954 እ.ኤ.አ. ነው። ኔብራስካ ውስጥ በኖርፎክ ከተማ የጫማ መደብር የነበረው ኦርቪል ካርላይል ከወንድሙ ከሮበርት ጋር በባሩድ ሞተር ተተኩሶ በፓራሹት የሚመለስ ቀላል ሮኬት ሠራ። በ1957 ስፑትኒክ ወደ ሕዋ ስትመጥቅ የብዙ ወጣቶች ልብ አብሯት መጠቀ። ሆኖም ዕውቀት ያልመራው ምኞት አደጋ አስከተለ፤ የብረት ቱቦ በኬሚካል እየሞሉ ሲሞክሩ የቆሰሉም የሞቱም ነበሩ። በኋይት ሳንድስ የሮኬት መሞከሪያ ሥፍራ የሠራው ሃሪ ስታይን ግን የካርላይልን ፈጠራ በዚያው ዓመት መጀመሪያ አውቆት ነበርና መፍትሔው ከዚያ እንደሚገኝ ተገነዘበ። መርሑም ግልጽ ነበር፦ ባሩዱ በፋብሪካ ተጠቅጥቆ ይምጣ፤ የሮኬቱ አካል ከወረቀትና ከቀላል እንጨት ይሠራ።

በ1959 ቬርን ኤስተስ በዴንቨር ሞተሮቹን በብዛት የሚያመርት መሣሪያ ሠርቶ «ሜብል» የሚል ስም አወጣለት። ድርጅቱ በ1961 በዚያው በኮሎራዶ ወደምትገኘው ፔንሮዝ ተዛወረ። አስትሮን ስካውትም ከመጀመሪያዎቹ ምርቶቹ አንዷ ነበረች።

ወጣቱ በፖስታ የሚደርሰው የተጠናቀቀ መጫወቻ አልነበረም፤ የወረቀት ቱቦ፣ የባልሳ እንጨትና የአሠራር መመሪያ እንጂ። ክንፎቹን በምላጭ ይቆርጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ በኮላ ያጣብቃል፣ እስኪደርቅም ይጠብቃል። አንዱ ክንፍ ከተጣመመ ሮኬቷ አቅጣጫዋን ስለምትስት ስንፍናው በሰማይ ላይ ይገለጥበታል።

ስካውት ፓራሹት አልነበራትም። ከፍታዋ ላይ ስትደርስ በሞተሩ ውስጥ የቀረው ጥቂት ባሩድ ፈንድቶ ሞተሩን ወደ ኋላ ይገፋዋል። የክብደቷ ማዕከል ሲሸሽ ሚዛኗን ታጣለች፤ እየተገለባበጠችና አየሩ እየገታት በዝግታ ትወርዳለች። ወጣቱ በመማሪያ መጽሐፍ ያነበበውን የሚዛን ሕግ በዓይኑ ያያል።

ከጊዜ በኋላ የፕላስቲክ ክፍሎች የእጅ ሥራውን አቀለሉት፤ ስካውትም ከሽያጭ ዝርዝሩ ወጣች። ያን ጊዜ ናፍቆቱ በሁለት መንገድ ተገለጠ። አንዳንዶች ያልተከፈተ ጥቅል ፈልገው በውድ ዋጋ ገዝተው በመደርደሪያ አኖሩ። ሌሎች ደግሞ የቀድሞውን ንድፍ አግኝተው፣ ቱቦውን ለክተው፣ ባልሳውን ቆርጠው እንደገና ሠሯት፤ አስወነጨፏትም።

የመጀመሪያዎቹን አንነቅፍም፤ ቅርስ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ሳትነካ የቆየችው ሮኬት ሥራዋን ያልሠራችው ናት። ሥራዋን የሠራችው ዛፍ ላይ ቀርታለች፣ በሣር ውስጥ ጠፍታለች ወይም ክንፏ ተሰብሯል። ተውኔትም እንዲሁ ነው፤ ጽሑፉ በሣጥን ሊጠበቅ ይችላል፣ ሕይወት የሚያገኘው ግን በየትውልዱ ተዋንያን መድረክ ላይ ሲወጣ ነው።

እንግዲህ ከስካውት ታሪክ የምንረዳው፣ የአንድ ሥራ እውነተኛ ውርስ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የመሥራት ችሎታ መሆኑን ነው። ንድፉና የሚሠራው እጅ እስካሉ ድረስ ከገበያ የወጣው ሁሉ ጠፋ አይባልም። ናፍቆትም ለመጪው ትውልድ የሚጠቅመው ምላጩንና ኮላውን ሲያስጨብጠው ነው።