ትምህርት ቤቱ የማን ይሁን?

በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ መንግሥታት የሕዝቡን ልጆች ሁሉ ለማስተማር ሲነሡ ከቤተ ክርስቲያንና ከወላጆች ጋር ተፋጠጡ። ልጁ ምን እንደሚማር የሚወስነው ማን ነው? ያ ጥያቄ ዛሬም ዴሞክራሲን ይፈትናል።

ዴንማርክ ቀድማ መለሰች። በ1814 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያወጣችው ሕግ ግዴታ ያደረገው መማርን እንጂ መንግሥት ትምህርት ቤት መግባትን አልነበረም። የቄስ ግሩንትቪግ ተከታይ የሆነው መምህር ክሪስተን ኮልድ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ለገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። ሽምደዳን ጥሎ በተረትና በታሪክ ያስተምር ጀመር። በ1855 የወጣው ሕግም የእንዲህ ዓይነቶቹን ትምህርት ቤቶች ነጻነት አጸና።

በኔዘርላንድስ ግን ትግሉ ዐሥርት ዓመታት ፈጅቷል። በ1878 መንግሥት የትምህርት ቤቶችን መስፈርት ከፍ ሲያደርግ ገንዘቡን ለራሱ ትምህርት ቤቶች ብቻ ሰጠ። ከ300,000 በላይ ፕሮቴስታንቶች ፈርመው ለንጉሡ አቤት ቢሉም ሕጉ ጸደቀ። እልባት የተገኘው በ1917 ነው። የሃይማኖት ፓርቲዎች እኩል በጀት፣ ሊበራሎችና ሶሻሊስቶች ደግሞ ለወንዶች ሁሉ የመምረጥ መብት ይሹ ስለነበር፣ ሰጥቶ በመቀበል ሁለቱንም በሕገ መንግሥት አሰፈሩ። ዛሬ ከሦስት የሀገሪቱ ተማሪዎች ሁለቱ ያህል የሚማሩት መንግሥት በማያስተዳድራቸው ትምህርት ቤቶች ነው፤ የብሔራዊ ፈተናውን መለኪያ የሚያወጣው ግን መንግሥት ነው።

በአሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ በ1922 ሕዝቡ በድምፁ ልጆችን በመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ እንዲማሩ የሚያስገድድ ሕግ አጸደቀ። የነጭ የበላይነት አራማጁ ኩ ክለክስ ክላን ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበር፤ የሕጉ ዋና ዒላማም ካቶሊኮች ነበሩ። ትምህርት ቤት የሚያስተዳድሩ መነኮሳዪያት ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1925 በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው፦ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን መቆጣጠር ይችላል፤ የልጆች ሁሉ ብቸኛ አስተማሪ መሆን ግን አይችልም።

ይኸው ነጻነት ክፉ ገጹንም አሳይቷል። በቨርጂኒያ የፕሪንስ ኤድዋርድ ወረዳ ጥቁርና ነጭ ልጆችን በአንድ ክፍል ከማስቀመጥ ይልቅ በ1959 የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ። ነጮቹ አዲስ በተቋቋመ የግል ትምህርት ቤት ቀጠሉ፤ ከሕዝብ ገንዘብም ድጎማ አገኙ። ከጥቁሮቹ ልጆች አንዳንዶቹ ሌላ አካባቢ ወዳሉ ዘመዶቻቸው ተላኩ፤ ብዙዎቹ ግን ዓመታት ያለ መደበኛ ትምህርት አለፉባቸው። የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹ የተከፈቱት በ1964 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ነው።

በተቃራኒው በሀገራችን ደርግ ሥልጣን እንደያዘ ብዙም ሳይቆይ የግል ትምህርት ቤቶችን ወረሰ። ለማስተማር ነጻነት አደጋው ከመንግሥት በኩልም እንደሚመጣ ይህ ምስክር ነው።

እንግዲህ የሁለት መቶ ዓመታቱ ልምድ የሚለው ይህ ነው፦ መንግሥት ጥራቱን ይመርምር፣ ድሃው እንዳይቀር በጀት ይመድብ፣ ሐሳብን ግን ለብቻው አይያዝ። ነጻው ትምህርት ቤትም የሕዝብ ገንዘብ ከወሰደ በሩን በዘርና በቀለም መዝጋት አይገባውም።