የእጅ አንጓ ዳሳሽ፣ «ኢምፓቲካ ኢ4»
ፕላስቲክ፣ በብር የተለበጡ ኤሌክትሮዶች። የ2010ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.)። ኢምፓቲካ ኩባንያ፣ ጣልያንና አሜሪካ።

ሰው ሲጨነቅ የላብ ዕጢዎቹ ስለሚነቃቁ ቆዳው ኤሌክትሪክን ይበልጥ ያስተላልፋል። በማሰሪያው ውስጠኛ ገጽ ያሉት ሁለት ትናንሽ ኤሌክትሮዶች ይህን ለውጥ በሰከንድ 4 ጊዜ ይለካሉ፤ ከሥር የሚበራው አረንጓዴና ቀይ ብርሃን ደግሞ የደም ምትን 64 ጊዜ። የቆዳ ሙቀትና የእጅ እንቅስቃሴም ይመዘገባሉ። የእጅ ሰዓት ቢመስልም ስክሪን የለውም፤ የተሠራው በዋናነት ለምርምር ነው።

በ2018 (እ.ኤ.አ.) ይፋ በሆነው «ዌሳድ» በተባለው የመረጃ ስብስብ፣ 15 ሰዎች ይህን መሣሪያ አስረው በሰዎች ፊት ንግግር አድርገዋል፤ በቃላቸውም ሒሳብ ሠርተዋል። ሙቀትና ስፖርትም ላብ ስለሚያስከትሉ፣ ንባቡ ብቻውን የላቡን መንስኤ አይለይም። ስለዚህ ያሰረው ሰው አንድ ነገር ሲያጋጥመው አዝራሩን ይጫናል፤ ቅጽበቱም በመዝገቡ ላይ ምልክት ይደረግበታል።