ከምልክት እስከ ኖታ፤ የሙዚቃ መሠረታዊ ቃላት በአማርኛ

አማርኛ ስለ ሙዚቃ የሚናገርባቸው ቃላት ከሦስት ምንጮች የተቀዱ ናቸው፤ ይኸውም ከቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት፣ ከአዝማሪውና ከክራር መቺው ሙያ፣ እንዲሁም ከአውሮፓ ከመጣው የሙዚቃ ትምህርት ነው። ሦስቱም ለየብቻቸው ሲታዩ የተሟላ ሥርዐት አላቸው። ችግር የሚፈጠረው የአንዱ ቃል ለሌላው ጽንሰ ሐሳብ መተርጐሚያ ሲደረግ ነው። በዚህ ጽሑፍ የጥቂት ቃላትን ታሪክ በመከተል፣ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የትኛውን ማጽናት፣ የትኛውንም መለየት እንደሚገባው ለማመልከት እንሞክራለን።

ከሁሉ የሚቀድመው የዜማ ትምህርት ነው። ትውፊቱ የዜማውን ድርሰት በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ዐይነቶች እስካሁን የትምህርቱ ምሰሶዎች ናቸው። እዚህ ላይ «ግዕዝ» የሚለው ቃል የቋንቋ ስም፣ የፊደል የመጀመሪያው ረድፍ ስምና የዜማ ስም መሆኑን ልብ ይሏል። ሆኖም ሦስቱ ፍቺዎች የሚነገሩበት ቦታ የተለያየ ስለሆነ ማንንም አያሳስቱም። ይህን ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳደራጁ ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ የተባሉት ምልክቶች ድምፁ የሚያዝበትን፣ የሚወርድበትን፣ የሚርገበገብበትን ወይም የሚቋረጥበትን ያሳያሉ። ከእነዚህ በተጨማሪ ከንባቡ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚጻፉ ፊደላት አሉ፤ እነዚህም ዜማው አስቀድሞ ከታወቀ ንባብ ተቈንጽለው የተወሰዱ ናቸው። ተማሪው ፊደሉን ባየ ጊዜ መጀመሪያ የተማረውን ንባብ ያስታውስና ዜማውን በአዲሱ ንባብ ላይ ያውላል።

ይህን አሠራር አውሮፓ ውስጥ ከተደረገው ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በ11ኛው መቶ ዓመት ጣሊያናዊው መነኩሴ የአሬትሶው ጊዶ ለመዘምራን ማስተማሪያ የመጥምቁ ዮሐንስን መዝሙር መረጠ። የመዝሙሩ ስድስት ሐረጎች መነሻ ድምፅ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ የሚሄድ ስለነበር፣ የየሐረጉን የመጀመሪያ ቀለም ወስዶ ኡት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ አለ። ሰባተኛው «ሲ» ኋላ ተጨመረ፤ «ኡት»ም በብዙ አገር «ዶ» ተባለ። እንግዲህ በአክሱም ወራሾችም ሆነ በአሬትሶ ዘንድ የሙዚቃ ስም የተገኘው ከጸሎት ንባብ በተቈረጠ ቀለም ነው።

ልዩነታቸው ግን ከተመሳሳይነታቸው የበለጠ ለቃላት ሥራ ይጠቅማል። የጊዶ ቀለም አንድ ነጠላ ድምፅን ይሰይማል፤ የእኛ ሊቃውንት ፊደል ግን አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግን ያመለክታል። ስለዚህ «ምልክት» የሚለውን ቃል ለ«ኖታ» መተርጐሚያ ማድረግ ሁለቱንም ማጥፋት ነው። ኖታ በውሰትነቱ ይቀመጥ፤ ምልክትም ለባለቤቱ ይተውለት።

የውሰት ቃላቱ አገባብ በመሣሪያ ተጀመረ። ከዓድዋ ድል (1888 ዓ.ም.) በኋላ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ከሩሲያ መጡ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ የአርመን ወጣቶች ከአሠልጣኛቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻም የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ መሥራች ዲሬክተሩም አሸናፊ ከበደ ነበሩ። ከዚህ በኋላ ፒያኖና ቫዮሊን ከክራርና ከማሲንቆ ጋር በአንድ ግቢ ሲሰጡ፣ ቃላቱም በአንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ።

ከተገናኙት ሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረው «ቅኝት» ነው። «ቃኘ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚነግረን ክር ማጥበቅንና ማላላትን፣ መሣሪያን ማስማማትን ነው። ኋላ ከዚያ ተግባር የሚገኘውን የድምፆች አሰላለፍ፣ ቀጥሎም የዜማውን ጠባይ መሰየሚያ ሆነ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የዚህ ምስክሮች ናቸው፤ ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች፣ ትዝታና አንቺ ሆዬ ደግሞ የዘፈን ስሞች ናቸው። ባለሙያው አሰላለፉን በቁጥር ሳይሆን በሚታወቅ ዘፈንና አገር ስም ጠራው። ይህም ካህኑ ካደረገው የራቀ አይደለም። ስለሆነም ቅኝትን ከ«ስኬል» ጋር አንድ ማድረግ አይገባም፤ ስኬል የጣሊያንኛ ሥሩ መሰላል ማለት ሲሆን፣ የድምፆችን ተራ ብቻ ይናገራል።

ከሁሉ የሚከፋው «ግማሽ» የሚለው ቃል ነው። በአንድ የትምህርት ሰዓት ውስጥ «ግማሽ ድምፅ»፣ «ግማሽ ኖታ»ና «ግማሽ ትዝታ» ሊነገሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው የድምፅ ርቀትን፣ ሁለተኛው የጊዜ ርዝመትን ይለካሉ፤ በሁለቱም ግማሽ በእውነት ግማሽ ነው። ሦስተኛው ግን ምንም የተከፈለ ነገር የለውም። ሙሉ ትዝታ ከዶ ቢነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል፤ ግማሽ ትዝታም አምስት ድምፆች አሉት፤ ሦስተኛውና አምስተኛው ብቻ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። ተማሪው ከስሙ ተነሥቶ ግማሽ ትዝታ ከሙሉው ግማሹ የጐደለበት ነው ቢል፣ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የቃሉ ነው። «ግዕዝ» ሦስት ፍቺ ይዞ ያላሳሳተው ስፍራው ስለተለየ ነው፤ «ግማሽ» የሚያሳስተው ሦስቱም ፍቺዎች በአንድ ስፍራ ስለሚገናኙ ነው።

ይህን ይዘን የሚከተለውን እንመክራለን። «ግማሽ ትዝታ» በባለሙያው አፍ የጸና ስለሆነ አይሰረዝ፤ ነገር ግን በመዝገበ ቃላት ከ«ግማሽ» ሥር ሳይሆን ከ«ትዝታ» ሥር ይግባ፤ ፍቺውም የትኞቹ ድምፆች እንደሚወርዱ ይናገር። በዚሁ ምክንያት ሜጀርና ማይነር የተባሉትን የአውሮፓ ስኬሎች «ሙሉ»ና «ግማሽ» ብሎ መተርጐም ይቅር። ድርጊቱን «መቃኘት»፣ ውጤቱን «ቅኝት» እንበል። «ዜማ»ና «ምት» ግን ለማንም የማያሻሙ የቤት ቃላት ስለሆኑ ውሰት አያስፈልጋቸውም። ዜማችን በአንድ ድምፅ የሚሄድ በመሆኑ፣ ብዙ ድምፆችን በአንድ ጊዜ አስማምቶ ለማሰማት ቃል ሳናወጣ ኖረናል፤ ለዚህም «ሃርሞኒ»ን ከ«ኅብረ ድምፅ» ጋር ጐን ለጐን አስቀምጦ ተጠቃሚው እንዲመርጥ መተው ይሻላል።

ቃል የሚጸናው በማስተማሪያ ክፍል ነው። ክራር መቺው፣ መሪጌታውና የፒያኖ መምህሩ በአንድ ቃል ሦስት ነገር እየተናገሩ እንዳይለያዩ ማድረግ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ድርሻ ነው።