የሽንት ፊኛ ምትክ እና የጨረር ጠባሳ

ፊኛው በነቀርሳ ምክንያት የወጣለት ሰው ሽንቱ በየት ይውጣ? ይህ ጥያቄ ቀዶ ሐኪሞችን ለረጅም ዘመን ሲያስጨንቅ ኖሯል። እንግሊዛዊው ጆን ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1852 ዓ.ም. ፊኛው ወደ ውጭ ተገልብጦ ለተወለደ ልጅ ከኩላሊት የሚወርዱትን ቱቦዎች ከፊንጢጣው ጋር አገናኙ። ነገር ግን ሽንትና ሰገራ በአንድ መንገድ ሲወጡ ኩላሊት በኢንፌክሽን ይጎዳ ነበር።

በ1950 አሜሪካዊው ዶክተር ዩጂን ብሪከር የተሻለ ዘዴ ይፋ አደረጉ። ከትንሹ አንጀት ቁራጭ ወስደው ቱቦዎቹን ሰፉበት፤ ጫፉንም በሆድ ቆዳ በኩል አወጡት። ሽንቱ በከረጢት ይጠራቀማል። በ1980ዎቹ ደግሞ ጀርመናዊው ሐውትማንና ስዊሳዊው ስቱደር አንጀቱን እንደ ፊኛ ሰፍተው ታማሚው በተፈጥሮው መንገድ እንዲሸና አስቻሉ።

ቀደም ሲል ጨረር የወሰደ ታማሚ ግን ሥራውን ያከብደዋል። ጨረሩ ነቀርሳውን ሲያጠፋ በአካባቢው ያለውን አንጀት ጥቃቅን የደም ሥሮችም ይጎዳል። ደም ያነሰው አንጀት ቢሰፋም ቶሎ አይሽርም፤ ሊያፈስ ወይም ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ጨረር ወዳልደረሰበት፣ ከፍ ብሎ ወደሚገኘው የትልቁ አንጀት ክፍል ፊታቸውን አዞሩ።

ዓመታት ቢያልፉም የጨረር ጠባሳ አይጠፋም። በአንድ አገር ጨረር ወስዶ በሌላ አገር ለቀዶ ሕክምና የሚቀርብ ወገን፣ ጨረሩ የት ላይና ምን ያህል እንደተሰጠ የሚገልጸውን ማስረጃ ይዞ ይቅረብ።