የደንገል ታንኳና የሞተር ጀልባ በጣና ሐይቅ

በጣና ሐይቅ ላይ ሁለት ዓይነት የውኃ ላይ መጓጓዣዎች ጎን ለጎን አገልግሎት ይሰጣሉ። አንደኛው በሐይቁ ዳርቻ ከሚበቅለው ደንገል የሚታሰረው ታንኳ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሞተር ኃይል የሚንቀሳቀሰው ዘመናዊ ጀልባ ነው። ሁለቱ በዕድሜ፣ በአሠራርና በአቅም እጅግ የሚራራቁ ቢሆኑም የሐይቁ ዳርቻ ነዋሪ ዛሬም በሁለቱም ይገለገላል።

ጣና ከሰሜን ወደ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ደግሞ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው ይህ ሐይቅ 37 ደሴቶችን አቅፎ ይዟል። ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ቀዛፊዎችም ሆኑ የጀልባ ነጂዎች ጉዟቸውን በማለዳ መጀመርን ይመርጣሉ።

የታንኳው አሠራር

የደንገል አገዳ ውስጡ አየር የቋጠረ በመሆኑ በውኃ ላይ የመንሳፈፍ ኃይሉ ከፍተኛ ነው። ሠሪው የታጨደውን ደንገል ካደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ እያሰረ ወለሉንና ጎኑን ያበጃል፤ አፍንጫውንም ወደ ላይ ይቀለብሰዋል። በውስጡ ሌላ የደንገል ንጣፍ የሚደረግበት ሲሆን፣ ከሥር የሚሰርገው ውኃ ተሳፋሪውንና ጭነቱን እንዳይነካ የሚከላከለው ይኸው ንጣፍ ነው። ለሥራው ሚስማርም ሆነ ጣውላ አያስፈልግም። ቀዛፊው ረጅም ዘንግ ይዞ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ይቀዝፋል።

በዚህ ሙያ በተለይ የሚታወቀው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ነው። ማኅበረሰቡ ኑሮውን የመሠረተው በዓሣ ማስገርና በደንገል ሥራ ላይ ሲሆን፣ የማገዶ እንጨት፣ ከሰልና እህል ወደ ገበያ የሚያደርሱ የሐይቁ ዳርቻ ነዋሪዎችም በታንኳ ይጠቀማሉ።

የታንኳ ዋነኛ ድክመት ደንገሉ ውኃ መምጠጡ ነው። ከጉዞ በኋላ ወደ ደረቅ መሬት ተጎትቶ ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል፤ ይበሰብሳልም። ተገቢው እንክብካቤ ቢደረግለት እንኳ የአገልግሎት ዘመኑ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ብቻ ነው።

በአትላንቲክ የታየው ትምህርት

የደንገል ጥንካሬ በባሕር ላይ የተፈተነበት አጋጣሚ አለ። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል ከጣና በተወሰደ ደንገል በጊዛ ያሠራት ባለሸራ ጀልባ «ራ»፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሳች። የሠሯት የቻድ ሐይቅ ባለሙያዎች ነበሩ። 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘች በኋላ የኋላ ክፍሏ ሰጥሞ እስሩ በመላላቱ ካሪቢያን ደሴቶች ሳትደርስ ለመተው ተገደደች። በቀጣዩ ዓመት የቦሊቪያ አይማራ ባለሙያዎች የሠሯት «ራ 2» ግን አትላንቲክን በ57 ቀናት አቋርጣ ባርቤዶስ ደርሳለች። የተክሉ ዓይነት ያው ሆኖ ውጤቱን የለየው የአስተሳሰሩ ጥበብ መሆኑ፣ ሙያው ከሠሪው ጋር ከጠፋ ደንገሉ ብቻውን ጀልባ እንደማይሆን ያስገነዝባል።

የሞተር ጀልባው

የሞተር ጀልባ በፍጥነት፣ በጭነት መጠንና ነፋስን በመቋቋም ከታንኳ ጋር አይወዳደርም። ቱሪስቶችንና ምዕመናንን ወደ ደሴት ገዳማት ለማድረስና በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል ሰውና ዕቃ ለማመላለስ ተመራጭ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በየብስ ተጓጉዛ የመጣችው «ጣና ነሽ 2» 38 ሜትር ርዝመት ያላትና 188 ሰዎችን የመያዝ አቅም ያላት መሆኗ በሁለቱ መጓጓዣዎች መካከል ያለውን ልዩነት በግልጽ ያሳያል።

በአንጻሩ የሞተር ጀልባ ነዳጅ፣ መለዋወጫ፣ መካኒክና ማረፊያ ወደብ ይፈልጋል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሐይቁ ላይ የተስፋፋው እምቦጭ አረምም በሞተሩ መዘውር ላይ እየተጠመጠመ ጉዞውን ያሰናክላል። ታንኳ ከዳርቻው በሚገኝ ተክል የሚሠራ በመሆኑ የውጭ ምንዛሪም ሆነ ነዳጅ አይጠይቅም።

በዓሣ ሀብት ላይ ያስከተሉት ለውጥ

ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በዓሣ ማስገር ሥራ ነው። አስጋሪው በታንኳ ብቻ በሚሠራበት ዘመን ከዳርቻው ብዙም አይርቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በልማት ፕሮግራም አማካይነት ከገቡ በኋላ መላው ሐይቅ ለማስገር ክፍት ሆነ። ምርቱም ለአዲስ አበባ ገበያ መቅረብ ጀመረ።

ይሁን እንጂ ላቢዮባርበስ በሚል ሳይንሳዊ ስያሜ የሚታወቁትና አብዛኞቹ ከጣና በስተቀር በሌላ ቦታ የማይገኙት የዓሣ ዝርያዎች ለጉዳት ተጋለጡ። እነዚህ ዓሦች በክረምት ወራት ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች አፍ ላይ ስለሚሰበሰቡ በመረብ በብዛት ይያዛሉ። የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የእነዚህ ዝርያዎች ምርት በ75 በመቶ ያህል ቀንሷል። ጉዳቱን ያመጣው ሞተሩ ብቻውን ሳይሆን፣ የመራቢያ ወቅትና ቦታ ሳይከበር ከመረብ ጋር መሰማራቱ ነው።

ታንኳም ቢሆን ከሥጋት ነፃ አይደለም። የባሕር ሸሽ እርሻ መስፋፋትና ከልክ ያለፈ አጨዳ የደንገሉን ይዞታ እያጠበበው መጥቷል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ በመሆኑ ደንገሉን መጠበቅ ከሐይቁ አጠቃላይ ጥበቃ የሚለይ ተግባር አይደለም። ደንገሉ ደለልን የሚያግድና ለዓሣና ለአዕዋፍ መጠለያ የሚሆን በመሆኑ፣ ዳርቻው ሲራቆት የሚጎዳው የታንኳ ሠሪው ብቻ አይሆንም።

በመሆኑም በሐይቁ ላይ የሚወጡ የትራንስፖርትና የልማት ዕቅዶች ሁለቱንም መጓጓዣዎች ከግምት ማስገባት ይኖርባቸዋል። ለጀልባው ወደብ ሲሠራ ለታንኳው ማረፊያ፣ ለዳርቻው እርሻ መሬት ሲሰጥ ለደንገሉ የሚተርፍ ይዞታ፣ ለማስገር ፈቃድ ሲሰጥም ለዓሣው መራቢያ የሚሆን ወቅት ሊታሰብ ይገባል።